የሬዲዮ ጣቢያ ሊኑክስ ኮምፒውተሮች፦ እንዴት ይጠበቃሉ? እንዴትስ ይሻሻላሉ?

 

ዱመርሶ በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋጨፌ አካባቢ የምትገኝ፣ ስሟ ከቡናዋ ጋር አብሮ የሚነሳ ቀበሌ ናት። መሬቱ ኮረብታማ ነው፤ መንደሮቹም በእንሰትና በቡና ተክል መሐል የተሰባጠሩ ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ ሬዲዮ ዛሬም ዜና የሚሰማበት፣ የጤና መልእክት የሚደርስበት፣ የገበያ ሁኔታ የሚታወቅበት መንገድ ነው። በረመዳን ደግሞ ቴምሩን በእጁ ይዞ የመግሪብን አዛን ከሬዲዮ የሚጠብቅ ጾመኛ አለ።

ይህ ጾመኛ የማያየው አንድ ነገር ግን አለ። አዛኑን በዚያች ደቂቃ የሚለቀው ብዙ ጊዜ ሰው አይደለም፤ በጣቢያው ጥግ ያለ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ቢቆም ጣቢያው ዝም ይላል፤ ዝምታውን ሁሉም ይሰማዋል፣ አንድ ሰውም ሮጦ ያስተካክለዋል። ሰዓቱ በሦስት ደቂቃ ቢፈጥን ግን ማንም አይሰማውም፤ ጾመኛው ፀሐይ ሳትጠልቅ ያፈጥራል። ስለዚህ የሬዲዮ ጣቢያን ኮምፒውተር መጠበቅ የቴክኒሽያን ሥራ ብቻ አይደለም፤ የአድማጭን አማና መጠበቅም ነው።

በዚህ ጽሑፍ በሊኑክስ የሚሠሩ የሬዲዮ ኮምፒውተሮች እንዴት እንደሚጠበቁና እንዴት እንደሚሻሻሉ በቅደም ተከተል እናቀርባለን። በዱመርሶና በዲላ ዙሪያ የምናነሳቸው ነገሮች ምሳሌ ናቸው እንጂ የአንድ ጣቢያ ታሪክ አይደሉም። ምክሩ ትንሽ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለሚያንቀሳቅሱ፣ በውጭ አገር ሆነው በኢንተርኔት ለሚያሰራጩ፣ እንዲሁም ለጣቢያዎች በበጎ ፈቃድ ለሚሠሩ ወጣቶች ሁሉ ይጠቅማል።

አውቶሜሽን ምንድን ነው?

የሬዲዮ አውቶሜሽን ማለት የዕለቱን ስርጭት በዝርዝር ተቀብሎ፣ እያንዳንዱን ድምፅ በሰዓቱ የሚያጫውት የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የድምፅ መዝገብ ነው፤ ዜና፣ ማስታወቂያ፣ ቃለ ምልልስ፣ ቲላዋ፣ ነሺዳ ሁሉ በቁጥርና በርዕስ ይቀመጥበታል። ሁለተኛው የዕለቱ ዝርዝር ነው፤ በሙያው ሎግ ይባላል። ሦስተኛው ዝርዝሩን እያነበበ ድምፁን ወደ ሚክሰር የሚልክ ማጫወቻ ነው። አራተኛው በተወሰነ ሰዓት ራሱ የሚቀዳ መቅጃ ነው፤ ለምሳሌ ከሌላ ጣቢያ የሚተላለፍ ዜና ይቀዳበታል።

ከሚክሰሩ የወጣው ድምፅ ወደ ማሰራጫው፣ ከዚያም ወደ አንቴናው ይሄዳል። የኤፍኤም ሞገድ በአብዛኛው ቀጥታ ስለሚጓዝ ኮረብታ ይጋርደዋል። በጌዴኦ ደጋማ መንደሮች ሞገዱ ቢደክም ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም። ይህን መለየት ያስፈልጋል፤ አድማጭ «ድምፁ ይቆራረጣል» ብሎ ሲደውል መጀመሪያ ስቱዲዮው ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማ። እዚያ ጥርት ብሎ ከተሰማ ኮምፒውተሩን መነካካት አያስፈልግም።

ሊኑክስ ለምን?

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 በፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተጀመረ፣ ማንም በነፃ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ለትንሽ ጣቢያ ሦስት ጥቅሞች አሉት። የፈቃድ ክፍያ የለውም። ባልተፈቀደ ቅጂ ከመሥራት ያድናል። ለወራት ሳይጠፋና ሳይነሳ መሥራት ይችላል።

ለሬዲዮ ከተሠሩት ፕሮግራሞች ሁለቱን እናንሳ። ሪቨንዴል በአሜሪካ የሳሌም ሬዲዮ ላብስ ባለሙያዎች የሠሩት ነው። ከላይ የጠቀስናቸውን አራት ክፍሎች ሁሉ ይዟል፤ የድምፅ ፋይሎችን በአንድ ማኅደር፣ ርዕሶችንና ዝርዝሮችን ደግሞ በዳታቤዝ ያስቀምጣል። ሌላው ሊብረታይም ነው። ኤርታይም ከተባለ ቀዳሚ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 ተገንጥሎ የወጣ ሲሆን፣ ሥራው ሁሉ በብራውዘር በኩል ይከናወናል። በኢንተርኔት ለሚያሰራጩና ዝርዝሩን ከሩቅ ሆነው ለሚያዘጋጁ ይመቻል። ዲላ ስቱዲዮ ውስጥ በማይክ አጠገብ ለሚሠራ ጣቢያ ሪቨንዴል፣ አዘጋጆቹ በተለያየ ከተማ ላሉ ጣቢያ ደግሞ ሊብረታይም ይቀላል ብለን እናምናለን።

ነፃ ነው ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ወጪው ሰው ነው። የሚያውቀው አንድ ልጅ ብቻ ከሆነና እሱ ሥራ ለቆ አዲስ አበባ ከገባ ጣቢያው ባለቤት የለውም። ወደዚህ ነጥብ በመጨረሻ እንመለሳለን።

የመጀመሪያው ሕግ፦ አየር ላይ ያለውን ኮምፒውተር አትንኩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ካለ ይህን ይያዝ። በስርጭት ላይ ባለ ኮምፒውተር ላይ ማሻሻያ አይጫንም፣ አዲስ ፕሮግራም አይሞከርም፣ ኢንተርኔት አይታይም፣ የማንም ፍላሽ አይሰካም። ማንኛውም ለውጥ መጀመሪያ በሁለተኛ ኮምፒውተር ላይ ይሞከራል።

«ሁለተኛ ኮምፒውተር የሚገዛ ገንዘብ የለንም» የሚል ይኖራል። ሁለተኛው አዲስ መሆን የለበትም። ከቢሮ የተነሳ የቆየ ማሽን፣ ሜሞሪው 8 ጊጋባይት ከሆነና ሥርዓቱ የሚጫንበት ኤስኤስዲ ከተገጠመለት ይበቃል። አሮጌ ኮምፒውተር ሲመርጡ ግን ባለ 64 ቢት መሆኑን ያረጋግጡ። ኡቡንቱ ለባለ 32 ቢት ኮምፒውተሮች የመጫኛ ቅጂ ማዘጋጀት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ዴቢያን 13ም በእነዚህ ማሽኖች ላይ በቀጥታ አይጫንም።

በተጨማሪ ኡቡንቱ በተለመደው አጫጫን የደኅንነት ማሻሻያዎችን ራሱ አውርዶ ይጭናል። ለቢሮ ኮምፒውተር ጥሩ ነው፤ ለስርጭት ኮምፒውተር ግን አደጋ አለው። ማሻሻያው በዜና ሰዓት አንድ አገልግሎት አጥፍቶ ቢያስነሳ ድምፁ ይቋረጣል። ስለዚህ በስርጭት ማሽኑ ላይ ራስ-ሰር ማሻሻያው ይዘጋ፤ ማሻሻያው በወር አንድ ቀን፣ ሰው ባለበት፣ በሁለተኛው ማሽን ላይ ከተሞከረ በኋላ ይጫን። ራስ-ሰሩን ዘግቶ በእጅም አለመጫን ግን ሌላው ጥፋት ነው።

ሰዓትና ቀን

የኮምፒውተር ሰዓት በራሱ ትክክል ሆኖ አይኖርም። በቀን አንድ ሰከንድ ቢሳሳት በወር ግማሽ ደቂቃ፣ በዓመት ስድስት ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ከትክክለኛ ምንጭ ጋር መናበብ አለበት። በሊኑክስ ላይ ክሮኒ የተባለው አነስተኛ ፕሮግራም በኢንተርኔት ከሰዓት ሰርቨሮች ጋር ያናብበዋል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ የጂፒኤስ መቀበያ ይገጠም፤ ሰዓቱን ከሳተላይት ስለሚወስድ ኢንተርኔት አይፈልግም። አንድ ኮምፒውተር በጂፒኤስ ከተናበበ ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ሰዓቱ ወደ አሮጌ ዓመት ከተመለሰ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ዋጋዋ ትንሽ ነው። በየሦስት ዓመቱ መቀየር ይሻላል።

ሰዓቱ ትክክል ቢሆንም የዝርዝር አዘጋጁን የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የቀን መለወጫ ነው። ለኮምፒውተሩ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በእኛ ልማድ ቀኑ በንጋት ይጀምራል፤ በሂጅራ አቆጣጠር ደግሞ በመግሪብ። የሐሙስ ምሽት ተራዊሕ በሐሙስ ሎግ ውስጥ ነው፤ በዚያው ሌሊት 10 ሰዓት የሚተላለፈው የሱሑር ፕሮግራም ግን ለኮምፒውተሩ የዓርብ ነው። ይህን ያልተረዳ አዘጋጅ የሱሑሩን ፕሮግራም በሐሙስ ሎግ ቢያስገባ ከአንድ ቀን በፊት ይተላለፋል፤ በተፈለገበት ሌሊት ደግሞ ዝም ይላል።

ሁለተኛው የዓመት አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ጊዜ ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። የ2016 ዓ.ም መስከረም 1 እንዲህ ነበር፤ የ2020 ዓ.ምም እንዲሁ ነው። «በየዓመቱ ይደገም» ተብሎ የተሞላ ፕሮግራም በእነዚያ ዓመታት በአንድ ቀን ይስታል።

ሦስተኛው የጂኦግራፊ ጉዳይ ነው። ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ጥቂትም ወደ ምዕራብ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ በሁለቱ ከተሞች እኩል አትጠልቅም። በስሌት ረመዳን በየካቲት ሲውል የዲላ መግሪብ ከአዲስ አበባው በ4 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። በታኅሣሥ ልዩነቱ ወደ 6 ደቂቃ ይጠጋል፤ በሰኔ ደግሞ ተገልብጦ ዲላ በ3 ደቂቃ ገደማ ትቀድማለች። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደ ኋላ ስለሚመለስ በሚቀጥሉት ዓመታት ወደ ጥርና ታኅሣሥ ይሄዳል፤ ልዩነቱም ይሰፋል። ስለዚህ የአዲስ አበባን የሰላት ሰሌዳ ገልብጦ ለጌዴኦ አድማጭ ማሰማት ጾመኛውን ከመግሪብ በፊት ማስፈጠር ሊሆን ይችላል። ሰሌዳው ከአካባቢው መስጂድ ተወስዶ፣ በሁለት ሰው ተረጋግጦ ይግባ። በመግሪብ ሰዓት ደግሞ አንድ ሰው ከኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥ።

በውጭ አገር ሆነው ለኢትዮጵያ የሚያሰራጩ ወንድሞችና እህቶችም ሌላ ጥንቃቄ አለባቸው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም፤ አውሮፓና አሜሪካ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀይራሉ። የስርጭት ኮምፒውተሩ የሰዓት ክልል «አዲስ አበባ» ተብሎ ከተሞላ ችግሩ ይቀራል።

መብራትና መሬት

በክፍለ ሀገር ጣቢያ ኮምፒውተርን ቶሎ የሚገድለው የመብራት መጥፋትና መምጣት ነው። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ እየጻፈ የነበረው ፋይል ይበላሻል፤ ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ ከ220 ቮልት በላይ ዘልሎ ሊመጣ ይችላል። መፍትሔው ደረጃ አለው። መጀመሪያ ስታቢላይዘር፣ ቀጥሎ ዩፒኤስ፣ ከዚያ ጀነሬተር ወይም የፀሐይ ኃይል።

ዩፒኤሱ ጀነሬተር እስኪነሳ ብቻ እንዲያቆይ ይታሰብ። የእርሳስ ባትሪዎች ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላሉ፤ በሙቀት ክፍል ከዚያም ያጥራል። የባትሪ መብራቱ አረንጓዴ መሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። በወር አንድ ጊዜ ስርጭት በሌለበት ሰዓት ሶኬቱን ነቅሎ ስንት ደቂቃ እንደቆየ መመዝገብ ያስፈልጋል። ዩፒኤሱን ከኮምፒውተሩ ጋር በዩኤስቢ ማገናኘትም ይቻላል፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩ ፋይሎቹን ዘግቶ በሥርዓት እንዲጠፋ የሚያደርግ ነፃ ፕሮግራም ለሊኑክስ አለ።

በደጋው አካባቢ መብረቅ የተለመደ ነው። የአንቴናው ምሰሶና ስቱዲዮው በደንብ ከመሬት ጋር ካልተያያዙ ኃይሉ በኬብል በኩል ገብቶ ሚክሰሩንና ኮምፒውተሩን አብሮ ያቃጥላል። ይህ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፤ በግምት አይሠራም። አቧራም ይታሰብበት፤ በየሦስት ወሩ ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ማራገቢያዎቹ ይጽዱ።

ዲስክና መጠባበቂያ ቅጂ

በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በ16 ቢትና በስቴሪዮ ያልታመቀ ድምፅ በሰዓት 690 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ቴራባይት ዲስክ 1,400 ሰዓት ያህል ይይዛል። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የዕለቱ ዜና ሳይሰረዝ ለዓመታት ሲከማች ይሞላል። ዳታቤዙ ያለበት ዲስክ ሲሞላ አዲስ ቀረጻ አይገባም፣ ሎግ አይሠራም፤ አንዳንዴም ስርጭቱ ራሱ ይቆማል። ዲስኩ 80 በመቶ ሲደርስ ማጽዳት ይጀመር።

ሁለት ዲስኮች አንዱ የሌላው መስታወት ሆነው ሲሠሩ ሬይድ ይባላል። አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ይህ ግን መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። አንድ ሰው በስህተት የረመዳንን ማኅደር ቢሰርዝ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጠፋል። መጠባበቂያ ማለት ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከጣቢያው ውጭ ማለት ነው። ኢንተርኔት ለዚህ ካልበቃ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በየሳምንቱ ተቀድቶ በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ።

በሪቨንዴልም ሆነ በሊብረታይም ሁለት ነገሮች አብረው መቀዳት አለባቸው፦ የድምፅ ፋይሎቹና ዳታቤዙ። በሪቨንዴል ድምፁ ያለ ዳታቤዙ ከተቀዳ፣ ዳታቤዙ ሲጠፋ በቁጥር ብቻ የተሰየሙ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ይቀራሉ፤ የትኛው ቲላዋ፣ የትኛው ማስታወቂያ እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ መስማት ግድ ይሆናል። ዳታቤዙ በየሌሊቱ፣ ድምፁ ደግሞ አዲስ የገባው ብቻ እየተለየ ቢቀዳ ጊዜ ይቆጥባል። በሊኑክስ ላይ አርሲንክ የተባለው መሣሪያ ይህን ይሠራል።

ተሞክሮ ያልታየ ቅጂ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠር። በየሦስት ወሩ ቅጂውን በሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ መልሶ፣ የአንድ ሰዓት ሎግ አጫውቶ መስማት ያስፈልጋል።

የድምፅ ካርድና ኔትዎርክ

ከጥገና በኋላ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ማጫወቻው እየሠራ፣ ሰዓቱ እየሄደ፣ ድምፅ ግን የማይወጣበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የድምፅ ካርዶች ቅደም ተከተል መቀያየር ነው። ትናንት አንደኛ የነበረው የዩኤስቢ ካርድ ዛሬ ሁለተኛ ሆኖ፣ በቦታው የሞኒተሩ ድምፅ መውጫ ገብቶ ይገኛል። መፍትሔው በማዋቀሪያው ውስጥ ካርዱን በተራ ቁጥር ሳይሆን በስሙ መጥራት ነው። የማያስፈልጉ የድምፅ መውጫዎችንም መዝጋት ይረዳል።

የስርጭት ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት በፋየርዎል ተለይቶ ይቀመጥ። ፍላሽ ከውጭ ሲመጣ በሌላ ኮምፒውተር ተፈትሾ፣ ድምፁ ብቻ ወደ መዝገቡ ይግባ። የዊንዶውስ ቫይረስ በሊኑክስ ላይ በአብዛኛው አይሠራም፤ ግን በፍላሹ አልፎ የቢሮውን ኮምፒውተሮች ይበክላል።

መቼ ይሻሻላል?

«እየሠራ ያለን ነገር ለምን እንነካለን?» የሚለው አባባል እውነት አለው፤ ግን ገደብም አለው። እያንዳንዱ የሊኑክስ ስሪት የድጋፍ ዘመን አለው። ከዚያ በኋላ የደኅንነት ማሻሻያ አይወጣለትም፤ ዕቃው ሲበላሽም አዲሱ ዕቃ በአሮጌው ሥርዓት ላይ ላይሠራ ይችላል።

ብዙ የሪቨንዴል ኮምፒውተሮች የተሠሩበት ሴንትኦኤስ 7 ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 አብቅቷል። የኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፍ በ2025 አልቋል። የ22.04 እስከ 2027፣ የ24.04 ደግሞ እስከ 2029 ይዘልቃል። ዴቢያን 12 በረጅም ጊዜ ድጋፍ እስከ 2028 ይቆያል። የትኛውንም ከመጫን በፊት የሚፈልጉት የሬዲዮ ፕሮግራም ለየትኛው የሊኑክስ ስሪት እንደተዘጋጀ ያረጋግጡ። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ይመረጣል፣ ሊኑክሱ ይከተለዋል።

የጊዜው ምርጫም አለ። በረመዳን፣ በዒድ ሰሞን፣ በምርጫ ወይም በወረርሽኝ ጊዜ ማሻሻያ አይጀመርም። ረመዳን ከመግባቱ ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድሞ ማለቅ አለበት።

ማሻሻል በቅደም ተከተል

1. መመዝገብ። አሁን ያለው ስሪት፣ የድምፅ ካርዱ ዓይነት፣ የኔትዎርክ አድራሻዎች፣ የይለፍ ቃላት ይጻፉ። እያንዳንዱ የማዋቀሪያ ገጽ በስልክ ፎቶ ይነሳ።

2. መቅዳት። ዳታቤዙ፣ ድምፁና የማዋቀሪያ ፋይሎቹ በውጫዊ ዲስክ ይቀዱ። ቅጂው ሁለት ይሁን።

3. ማውረድ። የመጫኛው ፋይል ከአምስት ጊጋባይት ሊበልጥ ይችላል። በገጠር ኢንተርኔት ከመታገል ጥሩ መስመር ባለበት ከተማ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይሻላል። ሳይበላሽ መውረዱን ከፋይሉ ጋር በሚወጣው የማረጋገጫ ቁጥር ይመሳከር።

4. በአዲስ ዲስክ ላይ ከባዶ መጫን። በአሮጌው ላይ ደርቦ ከማሻሻል በሁለተኛው ኮምፒውተር ባዶ ዲስክ ላይ መጫን ይመረጣል። አሮጌው ሳይነካ ስለሚቆይ መመለሻ አለ። በኡቡንቱ ደርቦ ማሻሻል ግድ ከሆነ ስሪት መዝለል አይቻልም፤ ከ20.04 ወደ 22.04፣ ከዚያ ወደ 24.04 ነው።

5. ዳታቤዙን መመለስ። አዲሱ የሬዲዮ ፕሮግራም አሮጌውን ዳታቤዝ ወደ ራሱ ቅርጽ ይለውጠዋል። ከተለወጠ በኋላ በአሮጌው ፕሮግራም ሊከፈት አይችልም ብለው ይነሱ፤ በደረጃ 2 የተቀዳው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

6. የግዕዝ ፊደላትን መፈተሽ። አሮጌ ዳታቤዞች ለላቲን ፊደል ብቻ ተብለው የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። በሽግግሩ ጊዜ የአማርኛ ርዕሶች ወደ ጥያቄ ምልክት ከተቀየሩና ከተቀመጡ መመለሻ የላቸውም። አዲሱ ዳታቤዝ በዩቲኤፍ-8 መሠራቱን አረጋግጦ፣ ሃያ የአማርኛ ርዕሶችን፣ የጌዴኡፋና የዐረብኛ ርዕሶችንም ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። የድምፆቹ ጠቅላላ ቁጥርም እኩል መሆን አለበት።

7. ጎን ለጎን ማስኬድ። አዲሱ ኮምፒውተር ለሰባት ቀን የአሮጌውን ሎግ ወደ ጆሮ ማዳመጫ ብቻ ያጫውት። ሰባት ቀን ያልነው የጁሙዓ ፕሮግራምና ሳምንታዊ ቅጂዎች ሁሉ እንዲፈተሹ ነው።

8. መቀየር። ስርጭቱ በሚቀዘቅዝበት ሌሊት፣ ሁለት ሰው ባለበት፣ በሚክሰሩ ላይ አንዱን መስመር ዝቅ አድርጎ ሌላውን ከፍ በማድረግ ይቀየራል። አድማጩ ምንም መስማት የለበትም።

9. መጠበቅ። አሮጌው ኮምፒውተር ለ30 ቀን ተሰክቶ ይቆይ። ከዚያ በኋላ ተሻሽሎ ሁለተኛው ኮምፒውተር ይሆናል።

በስርጭት መሐል ቢቆምስ?

በሚክሰሩ አንድ መስመር ላይ ሁልጊዜ የረጅም ሰዓት ቅጂ የያዘ ትንሽ ማጫወቻ ወይም አሮጌ ስልክ ተሰክቶ ይቀመጥ። ኮምፒውተሩ ሲቆም መጀመሪያ ይህ መስመር ይከፈታል፤ ስርጭቱ ይቀጥላል። ቀጥሎ በስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ፎቶ ይነሳ፣ ሰዓቱ ይመዝገብ። ከዚያ በኋላ ብቻ ኮምፒውተሩ ይጥፋና ይነሳ። በድንጋጤ ቁልፉን መጫን ምክንያቱን ያጠፋዋል፤ ችግሩም ነገ ይመለሳል። በሌሊት ሰው የማይኖርበት ጣቢያ ዝምታ ጠቋሚ ይግዛ፤ ድምፅ ለ30 ሰከንድ ከጠፋ ራሱ ወደ መጠባበቂያው ያዞራል።

የጥገና መርሐ ግብር

በየቀኑ፦ ሰዓቱን ከስልክ ጋር ማስተያየት፤ የነገው ሎግ መሠራቱን ማየት፤ የሌሊቱ ቅጂ መውጣቱን ማረጋገጥ።

በየሳምንቱ፦ የዲስክ ቦታ ማየት፤ ውጫዊውን ዲስክ መቅዳትና ከጣቢያ ማውጣት።

በየወሩ፦ ማሻሻያዎችን በሁለተኛው ማሽን ሞክሮ መጫን፤ ዩፒኤሱን መፈተሽ፤ የዲስኩን የጤና ሪፖርት ማንበብ።

በየሦስት ወሩ፦ ቅጂውን መልሶ መሞከር፤ አቧራ ማጽዳት።

በየዓመቱ፦ የሊኑክሱን የድጋፍ ዘመን ማየት፤ የሰላት ሰሌዳውን ማደስ፤ የመስከረም 1ን ቀን ማረጋገጥ።

ደብተሩ

መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን ያልነው ነጥብ ይህ ነው። ብዙ ጣቢያ የሚወድቀው በሶፍትዌር ሳይሆን በሰው መሄድ ነው። አንድ ጎበዝ ወጣት ሁሉን ይሠራል፣ ሁሉን በጭንቅላቱ ይይዛል፤ ሲሄድ የይለፍ ቃሉ እንኳ የት እንዳለ የሚያውቅ አይገኝም። የሚመጣውም ከመማር ይልቅ ሁሉን አፍርሶ ከአዲስ ይጀምራል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። አንድ ጠንካራ ደብተር ከኮምፒውተሩ አጠገብ ይቀመጥ። የተነካ ነገር ሁሉ በቀኑ፣ በሰዓቱና በነካው ሰው ስም ይጻፍበት። የይለፍ ቃላቱ በታሸገ ፖስታ በኃላፊው ካዝና ይግቡ። ሥራውን ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይወቀው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ደብተሩን እያነበበ ይከተለው። በዲላ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማሩ ወጣቶች በየዓመቱ ይመረቃሉ፤ ጣቢያ ያለው ማኅበረሰብ ከመካከላቸው ሁለቱን ጠርቶ ቢያለማምድ ለእነሱም ሥራ፣ ለጣቢያውም ዋስትና ይሆናል።

በዱመርሶ ኮረብታ ላይ ያለው አድማጭ ሊኑክስ ምን እንደሆነ ማወቅ አይጠበቅበትም። ሬዲዮውን ሲከፍት ድምፅ ካለ፣ መግሪብ ሲባልም መግሪብ ከሆነ፣ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች አማናቸውን ተወጥተዋል። በጉዳዩ ላይ ልምድ ያላችሁ አንባቢዎቻችን በጣቢያችሁ ያላችሁትን ደብተር ዛሬውኑ ብትጀምሩት ለሚቀጥለው ረመዳን ትደርሱበታላችሁ ኢንሻአላህ።